ስኳር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

በእኛ በአርሲ ስኳር በሽታ ሲባል ብዙ ሰው ፊት የሚመጣው ቦርጭ ያለው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ኑሮው የተደላደለ ሰው ነው። ከጭላሎ ግርጌ ገብስ ሲያጭድ ያደገ ቀጭን ወጣት ስኳር አለበት ቢባል፣ ጎረቤት "ከየት አምጥቶ?" ይላል። ታናሽ ወንድሜ ሲታመም አሰላ ያለው ቤታችን ውስጥም የተባለው ይኸው ነበር።

ያኔ 26 ዓመቱ ነበር። ልጅ ስላልሆነ ዓይነት ሁለት ነው ተባለና ኪኒን ታዘዘለት። አንድ ቀን ሳያዛንፍ ዋጠ፤ እማዬም ከቤት ውስጥ ጣፋጭ የሚባል ነገር አጠፋች። ስኳሩ ግን አልወርድ አለ፤ ሱሪው ያለ ቀበቶ አይቆምም ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ያየው ሐኪም "የአንቲቦዲ ምርመራ ይሠራ" አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓይነት አንድ ስኳር የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ያጠቃል። ጥቃቱ ደም ውስጥ ምልክት ይተዋል፤ ጋድ፣ አይኤ-ሁለት፣ ዚንክ ትራንስፖርተር ስምንት በሚባሉ ፕሮቲኖችና በራሱ በኢንሱሊን ላይ የሚነሡ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ። ለምርመራው ከክንድ የሚቀዳ ደም ይበቃል። ጥቃቱ በልጅነት ብቻ አይመጣም፤ በጎልማሳ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ዓይነት ሁለት ሊመስል ይችላል።

የወንድሜ የጋድ ውጤት ፖዘቲቭ ሆነ። ኢንሱሊን ሲባል እማዬ አለቀሰች፤ በእኛ ሰፈር መርፌ የመጨረሻው ደረጃ ተደርጎ ነው የሚታየው። ሐኪሙ "እናቴ፣ የጎደለው ኢንሱሊን ነው፤ የምንሰጠውም እሱኑ ነው" አላት። እንባዋን ጠርጋ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀች። በሳምንታት ውስጥ ወንድሜ ክብደት መጨመር ጀመረ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛን ሁሉ በአንድ ዓይን ያየ ድርጅት ይከስራል እንላለን። በሕክምና ግን የሚከስረው ጤና ነው።

ምርመራው ግን ብቻውን ዳኛ አይደለም። በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ በወጣትነታቸው ዓይነት አንድ የተባሉ 894 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ 65 በመቶዎቹ አንቲቦዲ እንዳልተገኘባቸው አሳይቷል። በአገራችንም በጎንደር የሠሩ ሐኪሞች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን እጅግ ከሲታ መሆናቸውን አይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ጉዳይ እንደገና ይታይ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ይህን "ዓይነት አምስት" ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ "አንቲቦዲ የለህም" የተባለ ሰው በራሱ ፈቃድ ኢንሱሊኑን ማቋረጥ የለበትም።

እናንተም ቤት ውኃ የማያረካው፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ካለ፣ ልጅም ይሁን ጎልማሳ፣ ዛሬውኑ የደም ስኳሩን አስለኩ። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከተጨመረበት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የአንቲቦዲው ውጤት ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሰው ግን እሱን እየጠበቀ መቆየት የለበትም።