የእናት ገንዘብ፦ ስጦታ ነው ወይስ ብድር?

እናቶችና እኅቶች፤ ለልጃችሁ ገንዘብ ስትሰጡ «ይኸ ስጦታ ነው» ወይም «ይኸ ብድር ነው» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ አላለችም።

እናቴ በመርካቶ በርበሬ በረንዳ በርበሬና ቅመም እየሸጠች አራት ልጆች አሳደገች። በ2004 ዓ.ም. ዕቁብ ሲደርሳት 80,000 ብሩን በሙሉ ወንድሜ ሸማ ተራ ሱቅ እንዲከፍትበት ሰጠችው። ወረቀት አልተጻፈም። «የገዛ ልጄን ላስፈርም?» ነበር መልሷ።

እናታችን ባረፈች ጊዜ ወንድማችን «ስጦታ ነው» አለ፤ እኛ ሦስቱ እኅቶቹ ደግሞ «ብድር ነው፤ ከድርሻህ ይታሰብ» አልን። በእንግሊዝና በጃፓን ከሟች ሀብት ላይ የውርስ ግብር ይከፈላል፤ እኛ የከፈልነው የሦስት ዓመት ኩርፊያ ነው። በመጨረሻ የዕድር ሽማግሌዎች አስታረቁን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንዱም ሴቷም ልጅ እኩል እንዲወርሱ ይደነግጋል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ግን በጽሑፍ ካልሆነ፥ ወይም በፍርድ ቤት በእምነት ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ አይጸናም። የእኛ እጅ ባዶ ነበር።

ባለፈው ዓመት እኔም ለልጄ የልብስ ስፌት መኪና መግዣ ሰጠኋት። ብድር መሆኑን በአንዲት ወረቀት ጽፈን በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈራረምን። መጀመሪያ ከፋት፤ ምክንያቱን ስነግራት ግን ወረቀቱን ራሷ ለወንድሞቿ አነበበችላቸው።

እናቶች፤ ልጅን ማስፈረም አለማመን አይደለም። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።