ካስተባበሉማ እውነት ነው

ሰፈራችን ውስጥ «ብር ሊቀየር ነው» የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር እናታችን ምንም አትልም። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ዝም ብላ ቡናዋን ትጠጣለች። ከዚያ ማታ በ2 ሰዓት ዜና አንዱ ኃላፊ ብቅ ብሎ «የሚናፈሰው ወሬ ፍጹም ከእውነት የራቀ ነው» ያለ ዕለት፣ በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሽንኩርት ቅርጫት ሥር ያስቀመጠቻትን የዕቁብ ገንዘብ ይዛ ባንክ ትሄዳለች። «ምነው?» ስንላት መልሷ አንድ ነው።

«ካስተባበሉማ እውነት ነው!»

መነሻ የላትም እንዳንል አላት። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም አዲሶቹ ኖቶች ይፋ ሲሆኑና 200 ብር የሚባል ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ፣ እሷ የሰማችው ከተነገረ በኋላ ነው። ለመቀየሪያ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱን ጠዋት ባንክ በር ላይ ተሰልፋ እንዳሳለፈች እሷ ናት የምታውቀው። (እርግጥ የብር ቅያሪ አስቀድሞ አይነገርም፤ ቢነገር ትርጉም የለውም። ይህን ለእናታችን ለማስረዳት ሞክረን ተሸንፈናል።)

መጀመሪያ እንስቅባት ነበር። ጋዜጠኝነት ተምረን ከተመረቅን በኋላ ግን እኛም ዜና የምናነበው ልክ እንደሷ፣ ገልብጠን መሆኑ ገባን። «ሁኔታው ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ነው» ሲባል አለመሆኑን እንሰማለን። «ጥቂት ግለሰቦች» ማለት ብዙ ሰው ነው። «በቅርቡ» ማለት የሚመጣው ዓመት ነው፣ እሱም ከተሳካ። «እጥረት የለም» ከተባለ ደግሞ ጄሪካን ይዞ መውጣት ነው። ይህን መዝገበ ቃላት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ አብረነው አደግን።

እናታችን የተማረችው ቴሌቪዥን ላይ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው አዩ። የወሎ ረሃብተኛ ይታያል፤ ከዚያ የቤተ መንግሥት ግብዣ ይታያል፤ መልሶ ረሃብተኛው ይመጣል። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም ነው፤ ደርግ ግብዣውን አስገብቶ አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የታየው ረሃብ እውነት ነበር፤ ሰው ሲያልቅ ተደብቆ ነበር። እናታችን እስከዛሬ የምታነሳው የአያታችንን ነገር ነው፤ ፊልሙን አይታ አለቀሰች፣ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለች፣ ለቴሌቪዥኑ።

አሥር ዓመት ሞላ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር እናታችን ቀበሌ አሰልፏት አብዮት አደባባይ ነበረች። በዚያው ሰሞን ሰሜኑ በረሃብ እያለቀ ነበር፣ በዓሉ እስኪያልፍ ግን አይነሳም። ዓለም ያወቀው በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን የቀረጸውን የኮረም ምስል ቢቢሲ ሲያሳይ ነው። ንጉሡ ረሃብ ደበቁ ብሎ የከሰሰው መንግሥት ራሱ ሲደብቅ ማየት... እንግዲህ እናታችን በ20 ዓመቷ ትምህርቷን ጨርሳለች።

የእኛ ተራ የደረሰው በ2004 ዓ.ም ክረምት ነው። 6ኛ ክፍል ጨርሰን እረፍት ላይ ነን። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሐምሌ እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ አልታዩም። ታክሲ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ይህንኑ ነው። አቶ በረከት ስምዖን ሐኪም እረፍት አዝዞላቸዋል፣ ደህና ናቸው ይላሉ። ከውጭ የሚተላለፈው ኢሳት ደግሞ ሐምሌ ሳያልቅ «ሞተዋል» አለ። «ፍትሕ» ጋዜጣ ስለ ጤናቸው በፊት ገጹ ይዞ ሊወጣ ሲል ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሳለ እንዳይሰራጭ ታገደ። ነሐሴ 15 ጠዋት ቴሌቪዥን ስንከፍት ሙዚቃው ተቀይሯል፤ ሌሊቱን ማረፋቸው ተነገረን።

መቼ እንደታመሙ፣ በምን እንደታመሙ ልጅም ሆነን ጠይቀናል። መልስ ያገኘነው ከሁለት ወገን ነው፣ አንዱም እንድናምነው የሚያደርግ ማስረጃ አልሰጠንም። አንዱ «ደህና ናቸው» እያለ አስጨረሰን፣ ሌላው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቀበራቸው። ትልልቆቹ ግን በጣም የሚገርም ነገር አደረጉ፤ መንግሥትን አላመኑም፣ ኢሳትን ግን ወዲያው አመኑ። ለምን ቢሉ መንግሥት አስተባብሏላ!

ይህን ሁሉ ስንል ዳር ቆመን እየፈረድን እንዳይመስል። እኛም እጃችን አለበት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለአፓረንት አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተመድበን ነበር፤ ከክፍል ጓደኛችን ጋር ሁለት ሆነን። የመጀመሪያ ዜናችን የውኃ መቋረጥ ነው። ሰፈሮቹ ውስጥ የእኛም አለበት። ለሚመለከተው ኃላፊ ደወልን፣ ትልቁ መስመር ተሰብሮ ነው፣ በሁለት ቀን ይጠገናል አሉን። «ቦታው ድረስ ሄደን ብናየውስ?» አልናቸው ለአዘጋጁ። መኪና የለም፣ ደግሞም ኃላፊው ተናግሯል፣ በቃ። ጻፍነው፣ ተነበበ። ስማችን ባይጠራም ዜናው የእኛ መሆኑን ሰፈር ሁሉ ሰማ፣ እናታችን ናት ያወራችው፣ በኩራት። ከጎናችን የሚኖሩ እማማ፣ ጠላ በመጥመቅ የሚተዳደሩ፣ ያን ቀን ውኃ በጋሪ ሊገዙ ነበር። «ልጃችን በሬዲዮ ሁለት ቀን ብላለች» ብለው ተዉት። ጌሾውን ዘፈዘፉ፣ ጠበቁ።

ውኃው የመጣው በ11ኛው ቀን ነው።

ጥንስሱ ተበላሸ። እማማ አንድም ቃል አልተናገሩንም፤ ቢቆጡን ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ላይ ሲያገኙን ስለ ጤናችን፣ ስለ ትምህርታችን ይጠይቁናል እንጂ ስለ ዜና አንስተው አያውቁም። እኛ አልዋሸንም፤ ኃላፊውም ምናልባት አልዋሹም፣ ያሰቡትን ነው የተናገሩት። በሦስተኛው ቀን ግን ማናችንም «ተሳስተናል፣ ገና ነው» አላልንም። ኃላፊው አልደወሉም፣ እኛም አልደወልንም፣ አዘጋጁም ዜናው አርጅቷል አሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እማማ ጥንስሳቸው ከመበላሸቱ በፊት ውኃ ገዝተው ይደርሱ ነበር።

ሌላ ዓይነት ጊዜም አይተናል፤ አጭር ነበር እንጂ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱን ጤና ሚኒስቴር ራሱ ነገረን። ከዚያ በየቀኑ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ፤ ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ ያወጣሉ፣ እኛ እንጠብቃለን። እናታችን ቁጥሩን ሳትሰማ እራት አታቀርብም ነበር። የሚነገረው ክፉ ወሬ ነው፣ ግን ከሰፈር ሳይሆን ከምንጩ ነው የመጣው፣ ነገም እንደሚመጣ እናውቃለን። ወራት ሲቆጠሩ «ኮሮና የለም፣ የፖለቲካ ነው» የሚለው በዛ፣ ጭምብሉ አገጭ ላይ ወረደ። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እናስታውሳለን። ማንም አላስተባበለም፤ ስለዚህ ገልብጠን የምናነበው ነገር አልነበረም።

ገልብጦ ማንበብ ብልህነት ይመስላል። ያታልላል። ጥቅምት 2011 ዓ.ም በምዕራብ ጎጃም ሜጫ አካባቢ ለጤና ጥናት ናሙና ሊሰበስቡ ትምህርት ቤት የሄዱ ተመራማሪዎች ልጆችን እየመረዙ ነው ተብለው፣ ሁለቱ በሕዝብ ተገደሉ። ክፍል ውስጥ ይህንን ጉዳይ ስንወያይ አንድ ልጅ «እንዴት ሰው እንዲህ ዓይነት ወሬ ያምናል?» አለ። ማናችንም ልንመልስለት አልፈለግንም። ሐኪሙም፣ ርእሰ መምህሩም፣ ፖሊሱም «ውሸት ነው» ቢሉ ያ ሕዝብ የሚሰማው እናታችን የምትሰማውን ነው።

ባለፈው ሰሞን ወሬው እንደገና መጣ፣ በቴሌግራም። ታናሽ ወንድማችን ስልኩን አሳያት። እናታችን መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ ከዚያ ወደኛ ዞረች።

«እስቲ አንቺ ጋዜጠኛዋ፣ እውነት ነው?»

«አጣርተን እንነግርሻለን» አልናት።

«እስክታጣሩ ባንኩ ይዘጋል» ብላ ነጠላዋን አነሳች።

አብረናት ሄድን። ሰልፉ ላይ እማማን አገኘናቸው፤ ቀድመውናል።