ወደ ሳነቴ ከመውጣትዎ በፊት
ከጎባ ተነሥተው የሳነቴን አምባ ሲያቋርጡ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ዕድል ከቀናዎት ለልጆችዎ ቀይ ቀበሮ ያሳያሉ። ከአምባው ማዶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። በዚህ ጠጠር ላይ ጎማው መሬቱን እንዳይለቅ የሚይዘው ሾክ አብዞርበር ነው። ከደከመ መኪናው ይነጥራል፤ ፍሬን ሲይዙም ቶሎ አይቆምም።

ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ አራቱንም ጎንበስ ብለው ይዩ። ዘይት ያረጠበው ወይም ጎሚኒው የተሰነጠቀ ካለ፣ የግራና የቀኙን አብረው ያስቀይሩ።

ረጅም ኮረኮንች ላይ ሾኩ ይግላል፤ ውስጡ ያለው ዘይት አረፋ ሲሠራ ጉልበቱ ይቀንሳል። መኪናው መዋለል ከጀመረ ይቁሙና ይቀዝቅዝ። እስከዚያው ልጆቹ ጅባራውን ይዩ።