ሥዕሉ ጠፍቶ ድምፁ የቀረ

ቀልድና ዘፈን የተቀላቀለባቸውን አሮጌ ፊልሞች እወዳለሁ፤ ከእነርሱም ይልቅ ልቤን የሚስቡት ስማቸው ያልገነነው ናቸው።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር 1929 እና 1930 በአሜሪካ ሲኒማ ገና አፉን የፈታበት ዘመን ነበር። ዎርነር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ይሠራበት በነበረው «ቪታፎን» በተባለው ዘዴ፥ ድምፁ የሚቀዳው በፊልሙ ላይ ሳይሆን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ሸክላ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጥቅል ፊልም አንድ ሸክላ ተሰጥቶት፥ በደቂቃ 33 ከሢሶ ዙር ይሽከረከራል። ሠራተኛው ሁለቱን እኩል ማስነሣት ነበረበት፤ መርፌው ከዘለለ ተዋናይቱ አፏን ሳትከፍት ትዘፍናለች። (ይህስ ከደራሲው ቀልድ ይበልጥ ሳያስቅ አልቀረም።)

የሁለቱ መለያየት በኋላ ሌላ ነገር አመጣ። የዚያን ጊዜው ናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቃጠልና በቈይታም የሚበሰብስ ስለ ሆነ ብዙው ጠፋ፤ ሸክላው ግን በየሰው ቤት ቀረ። በቀለም ከተሠራው ከ«ጎልድ ዲገርስ ኦፍ ብሮድዌይ» (1929) የተገኘው ሥዕል ጥቂት ቍራጭ ብቻ ሲሆን፥ ድምፁ ግን አለ።

ለመጥፋታቸው እሳት ብቻ ተጠያቂ አይደለም። በ1930 መጨረሻ ሕዝቡ ዘፈን ስለ ሰለቸው፥ ኩባንያዎቹ ዘፈኑን ከፊልሙ ይቈርጡ ጀመር። «ፊፍቲ ሚሊዮን ፍሬንችመን» (1931) የኮል ፖርተር ዘፈኖች ወጥተውለት በአሜሪካ ታየ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ቅመሙ ተለቅሞ የቀረበ ወጥ ነው።

በ1991 ጥቂት ሰብሳቢዎች «ቪታፎን ፕሮጀክት» የተባለ ማኅበር አቋቁመው፥ ሸክላዎቹን እየፈለጉ በቤተ መዛግብት ከተቀመጠው ድምፅ አልባ ፊልም ጋር ማገናኘት ጀመሩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለሳቅ ለተሠራ ነገር ይህን ያህል ድካም?» ይለኛል። እኔ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ቁም ነገር ያለበት ወረቀት ማኅተምና ጠባቂ እንዳለው፥ ለቀልድ ግን መደርደሪያ የሚሰጠው እንደሌለ ስለማውቅ፥ የሰብሳቢዎቹ ድካም አይገርመኝም።

ሎረልና ሃርዲ ያሉበት «ዘ ሮግ ሶንግ» (1930) እንዲሁ ከጠፉት ነው። በተገኘው አንድ ቍራጭ ሁለቱ ወደ ጨለማ ዋሻ ይገባሉ፤ በውስጡም ድብ አለ። የቀረውን ጨዋታቸውን በጆሮዬ ብቻ እየሰማሁ፥ ምን እንደ ወደቀና ማን እንደ ደነገጠ በልቤ እሥላለሁ።