ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ብሎን

ስዊድን፣ ዮተቦሪ ከተማ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ የሰው ጆሮ ነው። የአዛውንቶቹን የመስሚያ መሣሪያ ከየሣጥኑ አወጣለሁ፣ በኩክ የተደፈነውን ማጣሪያ እቀይራለሁ፣ ባትሪ እለውጣለሁ፣ ከዚያ ጆሯቸው ላይ ሰክቼ "ይሰማል?" እላለሁ። መልሳቸውን ለብዙ ዓመታት አልሰማሁትም። ከንፈራቸውን አይቼ፣ ፈገግ ካሉ ፈገግ ብዬ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፍ ነበር።

ጆሮዬ መፍሰስ የጀመረው ኢትዮጵያ፣ አንበሳሜ፣ ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ከኩፍኝ በኋላ ነው ትላለች። በሰፈራችን ጆሮው የሚፈስ ልጅ ብርቅ አልነበረም። ጤና አዳም በዘይት ተጨምቆ ይንጠባጠብልናል፣ ጥጥ ይወተፍልናል፣ መሽተት ሲጀምር ደግሞ ሰው ሳይነግረን ራሳችን ፈንጠር ብለን እንቀመጣለን። ኋላ ሐኪሞች እንዳስረዱኝ፣ መግሉ ዓመት ከዓመት ታምቡሩን በስቶ፣ ከታምቡሩ ጀርባ ድምፅ የሚያሻግሩትን ጥቃቅን አጥንቶች በልቷቸዋል። ድምፁን ተቀብሎ ለነርቭ የሚያስረክበው የውስጠኛው ጆሮ ግን አልተነካም። በሩ ተሰበረ እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም።

ለአዛውንቶቼ የምሰካላቸው ዓይነት መሣሪያ ለእኔ አልሆነም። የጆሮዬ ቀዳዳ በተደፈነ ቁጥር አየር ያጣና መልሶ ይመግላል። አንድ ቀን ሐኪሟ መቃኛ ሹካ የሚሉትን ብረት ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ጆሮዬ አጠገብ ያዘችው። ምንም። ከዚያ እግሩን ከጆሮዬ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ አሳረፈችው። ያን ጊዜ ድምፁ ጭንቅላቴን ሞላው። ተአምር አይደለም፤ ቆሎ ስንቆረጥም አጠገባችን ያለው ሰው የማይሰማው ጩኸት የራሳችንን ጭንቅላት የሚያናውጠው በዚሁ መንገድ ነው። ድምፅ በአጥንትም ይሄዳል።

የምኖርባት ከተማ ድምፅን በብሎን በኩል ወደ አጥንት የሚያስገባው ሕክምና መነሻ መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 አካባቢ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለማየት የቲታኒየም መሣሪያ ያስገባል። ጥናቱን ጨርሶ ውድ ዕቃውን ሊያወጣ ቢሞክር አጥንቱ ጨምድዶ ይዞት እምቢ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃዬ ተበላሸብኝ ብሎ ይናደድ ነበር። እሱ ግን ነገሩን ተከታትሎ በ1965 ለሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ተከለበት። በ1977 ደግሞ አንደርስ ሼልስትሮም የሚባል የጆሮ ሐኪም እዚሁ ዮተቦሪ ያንኑ የቲታኒየም ብሎን ብልሃት ከጆሮ ጀርባ ሞከረው፤ አጥንቱን የሚያንቀጠቅጠውን መሣሪያ የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ሠሩለት። አንድ ሰው ለደም ጥናት ባስገባው ብረት እኔ ልሰማ!

ቀዶ ጥገናው አያስፈራም። ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ነው የሠሩልኝ፤ ሕመም የለውም። ነገር ግን አጥንት የሚበሳ መሰርሰሪያ ለደንቆሮም ይሰማል፤ ማንም አልነገረኝም ነበር። ብሎኑ ራሱ ርዝመቱ ከአራት ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

አስቸጋሪው መጠበቁ ነው። አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዘው ድረስ መሣሪያው አይገጠምም፤ ለእኔ ሦስት ወር ገደማ ነበር የተባልኩት፣ ዛሬ ዛሬ ከዚያ ቀደም ብለው የሚገጥሙም አሉ። በአንድ ጎን ብቻ መተኛት ይሰለቻል። ቁስሉ ሲድን ያሳክካል፣ ማከክ አይቻልም። በዙሪያው ያለው ቆዳ ደንዝዞ ማበጠሪያ ሲያልፍበት የሌላ ሰው ራስ የማበጥር ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ የከፋብኝ ግን፣ ልናገረውና፣ ጸጉሬ ነው። የላጩት ቦታ ጠባብ ነው፤ ሹሩባ ለለመደች ሴት ግን ያቺ ጠባብ ቦታ ሙሉውን አሠራር ታፈርሳለች። ደግሞም ብሎኑ ላይ የሚቆመው ብረት ቆዳውን ሰንጥቆ ወጥቶ ስለሚቀር ዙሪያው በየቀኑ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ካልጸዳ ይቀላል፣ መፍሰስም ይጀምራል። ልጅነቴን ሙሉ ከመግል ስሸሽ ኖሬ አሁን ጠዋትና ማታ መስታወት ፊት ቆሜ እንዳይመጣ እጠብቀዋለሁ።

መሣሪያው ሲገጠም ቀጭ ይላል። ከዚያ የወረቀት መንኮሻኮሽ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የማንኪያ ድምፅ ሁሉ እኩል ይገባል። መሣሪያው አይመርጥም፤ መምረጡን አእምሮ ቀስ ብሎ ነው የሚማረው። እስኪማር ራስ ያማል። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ያልፋል።

አንበሳሜ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ አንገቴን አቅፋ ስትስመኝ ራሴ ላይ ያለው ነገር አፏጨ። ማይክሮፎኑን አንድ ነገር ሲጠጋው የሚያደርገው ነው፤ እኔ ለምጄዋለሁ፣ እሷ ግን ደንግጣ ለቀቀችኝ። "ምንሽ ነው የሚጮኸው ልጄ?" እያለች ደግማ ሳመችኝ፤ ደግሞ አፏጨ። እኛ አገር ደግሞ በአንድ ስሞሽ የሚላቀቅ የለም። እስከ ማታ ድረስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያስፏጨ ሳመኝ።

ነጠላም አስቸገረኝ። ጨርቁ ከማይክሮፎኑ ጋር ሲተሻሽ የሚያወጣው ኩሽኩሽታ ቅዳሴውን ያስጥለኛል። ስለዚህ ከቀኝ ጆሮዬ ወደ ኋላ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ያን ጊዜ ብረቱም፣ ጸጉሬ ያጠረበት ቦታም ይታያል። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ሴት እናቴን ቀስ ብላ "ኀዘን ነው እንዴ? ጸጉሯን ምን አገኘው?" አለቻት። ቀስ ብላ የተናገረችውን ሰማሁት።

ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁት ይህንን ጥያቄ ነበር። ቡና ላይ ግድግዳውን ተደግፌ የሁሉንም ፊት የማይበትን ቦታ እይዛለሁ። ሲስቁ እስቃለሁ፣ ከንፈር ሲመጡ እመጣለሁ። በልጅነቴ በሰፈሩ "ኩሩ ናት፣ ቢጠሯት አትዞርም" እባል እንደነበር እንኳ የሰማሁት በዚህ ጉዞዬ ነው። ኩሩ መባሉን፣ እውነት ለመናገር፣ ደንቆሮ ከመባሉ እመርጠው ነበር። አሁን ግን የሚደበቅ ነገር የለም፤ ብረቱ ወጥቶ ቆሟል። ለሴትዮዋ ዞሬ አሳየኋት።

በማግስቱ ቤታችን በሰው ሞላ። መሣሪያውን የገጠመችልኝ ባለሙያ ስትሸኘኝ ለቤተሰብ ማሳያ የምትሆን አጭር የፕላስቲክ ዘንግ ሰጥታኝ ነበር። መሣሪያው ጫፏ ላይ ይገጠማል፤ ሌላውን ጫፍ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ተጭኖ ጆሮን በጣት መድፈን ነው። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ዘንጓ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ጀመር። በየመሀሉ በአረቄ እንጠርጋታለን፤ አጎቴ አረቄው በከንቱ ባከነ ብሎ አጉረመረመ። ተራው ደርሶ ስጭንለት ምንም አልሰማም። የእሱ በዕድሜ የመጣ ነው፣ የተጎዳው ከውስጥ ነው፤ ውስጡ ሲደክም አጥንትም ብዙ አይረዳም። ይህንን እየጮኽሁ አስረዳሁት። "እኔ ድሮም አላመንኳትም" ብሎ ዘንጓን መለሰልኝ።

ቀጥላ የጎረቤታችን ሴት ናት። ጆሮዎቿን በጣቶቿ ደፈነች፣ ዘንጓን እኔ ያዝኩላት፣ እናቴን "ተናገሪ" አልኳት። እናቴ ምን እንደምትል ጠፋትና "ቡናው ቀዘቀዘ" አለች። ሴትዮዋ ዓይኗ ፈጠጠ።

"ድምፅሽ እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ?" አለቻት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለምን ያህል ዓመት ጎረቤት እንደሆኑ እግዜር ይወቀው። ከዚያ ነው ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ በጆሮዋ ያለውን ጥጥ ያሳየችን፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ይፈስሳል። ሌላዋም "የእኔም ነበር" አለች። ምጣድ አጠገብ የነበረችውም እንዲሁ። አብረን ያደግን፣ አንድ ላይ እንጨት የለቀምን ሰዎች እያንዳንዳችን ጥጣችንን በየነጠላችን ስር ሸሽገን ኖረናል። ቀዶ ጥገና ስለ ጆሮዬ ካስተማረኝ ይልቅ ያቺ የቡና ሰዓት የበለጠ አስተማረችኝ፦ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ሌላውም ዝም እንዲል ፈቃድ እየሰጠሁ ኖሬያለሁ።

"ዋጋው ስንት ነው?" አለች ሴትዮዋ። እዚያ አገር የሚከፍለው መንግሥት መሆኑን ነገርኳት። በግል ቢገዛ ብዙ ሺህ ዶላር መሆኑን ለመናገር አፌ ተያያዘ፤ ሆኖም ተናገርኩት። ከነገርኳት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ሳይቀደድ በመቀነት ራስ ላይ የሚታሰር መኖሩንም ነገርኳት፤ ብሎኑ ይቀራል እንጂ መሣሪያው ያው ነው፣ ዋጋውም አይወርድም።

ዝም አለችና "ለኔ ተዪው፤ ጊዜዬ አልፏል። ይህን ልጅ ግን እዪልኝ" ብላ የልጅ ልጇን ወደ ፊት ገፋችው። ጆሮው ውስጥ ጥጥ አለ፤ ጤና አዳሙ ከሩቅ ይሸታል።

ባሕር ዳር ይዤው ወረድኩ። የመረመረው ሐኪም ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንዳለች፣ ጆሮው ደርቆ ከቆየ ራሷ ልትገጥም እንደምትችል ነገረን። ያዘዘው ለማዳመጥ እንኳ ቀላል ነው፦ መግሉን በተጠቀለለ ደረቅ ጥጥ እየመጠጡ ማጽዳት፣ ከዚያ የአንቲባዮቲክ ጠብታ፤ ዘይትም ቅጠልም እንዳይገባ፤ ሲታጠብ ጥጥ በቫዝሊን ለውሶ መድፈን፤ ዋና ክልክል፤ በቀጠሮው ቀን ተመልሶ መምጣት። ጠብታዋ በብልቃጥ ሆና እጄ ላይ ስትቀመጥ ስለ ራሴ ልጅነት ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ልጁ አላስቻለኝም። የዋናው ነገር አናዶታል። ጣና አጠገብ ተቀምጠን ዓሣ ስንበላ ውኃውን እያየ ያኮርፋል።

ቆየት ብሎ ወደ ራሴ አመለከተና "እትዬ፣ ለእኔስ ብሎኑ መቼ ነው የሚገባልኝ?" አለኝ።

"ለአንተ አያስፈልግህም፤ ጠብታው ይበቃሃል" አልኩት።

ዓሣውን ገፋ አደረገና በመልስ መንገዳችን እስከ ሐሙሲት ድረስ አላናገረኝም።