የጎመን ምንቸት አይውጣ

ቶናው ደርሷል፤ ስኒህን ወዲህ በል። ጤና አዳም ጣል ላድርግልህ? አሁን ከጓሮ የተቀነጠሰች ናት። ይህችን ቅጠል ዓመቱን ሙሉ ከገበያ የሚገዛ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል፤ ከደጁ አንዲት እግር ቢተክል ለራሱም ለጎረቤቱም ትተርፍ ነበር።

ለመሆኑ ኑሮው እንዴት ይዞሃል? ተወው፣ አትንገረኝ፤ አውቀዋለሁ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ እንኳ አስቤዛ ተገዝቶ ሲመጣ ዋጋውን ሳያነሳ ዘንቢሉን የሚያስቀምጥ ሰው አላጋጠመኝም። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ቀን እስኪያልፍ ምን ይበላል? የእኔ መልስ ከኩሽናው ጀርባ ነው ያለው።

ከጓሮው ሁሉ ጎመን ይበልጥብኛል። ለምን በለኝ። ድንች አንዴ ተቆፍሮ ያልቃል፤ ጥቅል ጎመንም አንዴ ተቆርጦ ያልቃል። የሀበሻ ጎመን ግን አናቱን ካልነካህበት፣ ከታች ከታች ስትቀነጥብለት ከላይ ከላይ እያወጣ ይከርማል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ የተዘራው፣ ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ስትገባ ለድስት ደርሶ ይጠብቅሃል። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ወጥተህ ስትቀነጥብ እጅህ ይርሳል፣ ቅጠሉ ቀጭ ቀጭ ይላል። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት፣ ዘይት ጠብ ብሎበት ከምድጃ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ወጥ አያስመኝም። ፍስክ ከሆነና አይብ ከተገኘማ ምን ቀረ?

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እንላለን። ነገሩ ይገባኛል። ክረምት ላይ የአምናው እህል ከጎተራው ይሟጠጣል፤ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። ያንን መሃል ቤተሰቡ የሚሻገረው በጎመን ነበርና ጎመን የችግር ስም ወጣለት። እሸቱ ሲደርስ ደስታው ቢበዛ አይፈረድም። ግን ያሻገረን ምንቸት ለምን ውጣ ይባላል? ባለውለታ እንዲህ አይሸኝም። ያው ሕዝብ «ጎመን በጤና»ም ብሏል፤ እኔ የምይዘው ይህንን ነው።

ስለ ክፉ ቀን ካነሳን አይቀር፣ ድንችንም እናመስግነው። ጀርመናዊው የዕጽዋት አዋቂ ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. ግድም ወደ አገራችን አስገባው ይባላል። እስኪለመድ ግን ጊዜ ወሰደ። ከብቱ በበሽታ ያለቀበት፣ ድርቅና አንበጣ የተደራረበበት፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የጠሩት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ነው ብዙውን ገበሬ ወደ ድንች ያዞረው። ወደ ጉራጌና ወደ ሲዳማ ብትወርድ ደግሞ እንሰት ከቤቱ ጀርባ በከብት ፍግ አድጎ ታገኘዋለህ። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይቆያል፣ ዝናብ አንድ ዓመት ቢያጥር ቤቱን አይከዳም። አየህ፣ ጓሮ በአገራችን ጌጥ ሆኖ አያውቅም፤ መጠባበቂያ ነው።

«እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ መሬት የት አለኝ?» ልትለኝ ነው። ጆንያ አለህ አይደል? አፈርና ፍግ ሞልተህ በረንዳ ላይ አቁመው፤ ጎኑን እየበሳህ ችግኙን ትከልበት። ምስሩና ሩዙ የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል። የቡናውን አተላም አትድፋው፣ አፈሩ ውስጥ ቅበረው። ተባይ ከታየበት አመድ ነስነስ አድርግበት። በምን ውሃ እንደበቀለ የምታውቀውን ቅጠል መብላት ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ የሚመጣው አትክልት ከፊሉ በተበከለው በአቃቂ ወንዝ ውሃ እንደሚለማ ሰምተሃል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ነሐሴ ላይ ሲተርፍ ነው። ሰፈራችን ውስጥ በባላቸው ጡረታ የሚኖሩ እናት አሉ። እኒህን ሴት ብር ልስጥዎት ብትላቸው ይቀየሙሃል፤ ችግር ቢገባቸውም ለሰው አይናገሩም። ጎመን ሲላክላቸው ግን መርቀው ይቀበላሉ። ማግስቱን የላክንበት ሰፌድ ባዶውን አይመለስም፤ ከደጃቸው የተቆረጠ በሶብላ ወይ ኮሰረት ተደርጎበት ይመጣል። ሰጪና ተቀባይ የማይለይበት መስጠት ይህ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያሉት ይህን አይተው ይመስለኛል። ኑሮ ሲከብድ ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ይጨነቃል፤ ጓሮ ያለው ሰው ግን በሩን ለመክፈት ምክንያት አያጣም። ልጆቹም ሰፌዱን ይዘው ሲመላለሱ ማን ምን እንደጎደለው ሳይነገራቸው ይማራሉ።

ታዲያ ሁሉንም አትቀንጥበው። ሁለት ሦስት እግር መርጠህ እንዲያብብ ተወው። ቢጫ አበባው ሲረግፍና ቋቱ ሲደርቅ ዘሩን ሰብስብ፤ ከፊሉ ለከርሞ ይቀመጥ፣ ከፊሉ ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበት። የእኔን ሰብስቤ በጨርቅ ቋጥሬዋለሁ፤ ለአንተም ይበቃል። ሰኔ ሳይብት ጎራ በልና ውሰድ፤ አፈሩን ግን ከአሁኑ ቆፍረህ አዘጋጅ።