ላምባ ላምባ የሚል ውኃ

ተማሪዎች ሳለን «ውኃ ምንድን ነው?» ስንባል «ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ የሌለው ፈሳሽ» ብለን በአንድ ድምፅ እንመልስ ነበር። መምህራችንም ረክተው ያልፉን ነበር። ሽታ ያለው ውኃ ቢመጣስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ለመሆኑ ምን ያህል ሽታ ነው «ይህስ አይጠጣም» የሚያሰኘው? ወሳኙስ ማን ነው? አፍንጫ፣ ሐኪም ወይስ መንግሥት?

ጥያቄው ለወግ ማሳመሪያ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ደብረ ማርቆስ አክስቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ሰሞን ከተቀዳልኝ ውኃ ነው የተነሣው።

«እትዬ፣ ይኼ ውኃ ላምባ ላምባ አይልም?»

«ይላል እንጂ ልጄ! ጄሪካኑን በአመድም በሳሙናም አሸሁት፤ አልለቅ አለ። ውኃውን አፍልቼዋለሁ፤ ውኃ አጋርም ጠብ አድርጌበታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

አክስቴ ጤና ጣቢያ ያስተማራትን አንድ ሳታስቀር ፈጽማለች። ችግሩ ትምህርቱ ለተቅማጥ እንጂ ለነዳጅ አለመሆኑ ነው። ክሎሪን ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ነዳጅን ግን አይነካውም። ማፍላትም መፍትሔ አይሆንም፤ የሚተንነው ተመልሶ በቤቱ ሰው ሳንባ ይገባል። ጄሪካኑም ቢሆን ነዳጅ ከጠጣ በኋላ በማሸት አይነጻም። ፕላስቲክ ነዳጁን ወደ ገላው አስርጎ ያስቀምጥና ቀስ እያለ ለውኃው ይመልሰዋል። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ቤንዚን በየጓዳው የሚጠራቀመውስ በምን ሆነና? በዚያው በቢጫው ጄሪካን ነው።

ነዳጅ ስንል አንድ ነገር የምንጠራ ይመስለናል እንጂ ብዙ ነገር ነው። ከውስጡ ክፉው መኪና ከሚጠጣው ቤንዚን ጋር ሞክሼ የሆነው፣ ኬሚስቶችም ቤንዚን የሚሉት ቅመም ነው፤ የደም ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ቅመም የሰጠው ወሰን በአንድ ሊትር ውኃ 10 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ለቶሉይን 700፣ ለዛይሊን 500፣ ለኤቲልቤንዚን 300 ማይክሮግራም ፈቅዷል። እነዚህን ሦስቱን አፍንጫ ብዙውን ጊዜ ከወሰኑ በታች ሳሉ ይደርስባቸዋል። ሞክሼው ግን ብቻውን ሲሆን ከወሰኑ እጅግ አልፎ ካልሄደ አይሸትም፤ አይቀመስምም። እንግዲህ «ሸተተኝ» ማለት ውኃውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው። «አልሸተተኝም» ማለት ግን ዋስትና አይሆንም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በየመንገዱ በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚቸረቸረው ቤንዚን አንድ ሊትር ብንወስድና ከመቶ አንድ እጁ ሞክሼው ነው ብንል 9 ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ውኃ ውስጥ ቢቀልጥ 880 ሺህ ሊትር ያህሉን ከወሰኑ ላይ ያደርሳል። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 44 ሺህ ጊዜ ተሞላ ማለት ነው፤ በቀን ሁለት ጄሪካን ለሚጨርስ ቤተሰብ የ60 ዓመት ውኃ!

ይህ የድሀ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በሃዋይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የሬድ ሂል ማከማቻ ያፈሰሰ የአውሮፕላን ነዳጅ 93 ሺህ ያህል ሰው ከሚጠጣበት መስመር ገብቷል። አስቀድመው የጮኹት ሽታው የመጣባቸው እናቶችና አባቶች ነበሩ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በሰሜን ካናዳ የኢቃሉት ከተማ ሕዝብም ቧንቧው ነዳጅ ነዳጅ ይላል ብሎ አቤት ብሏል። በካሊፎርንያዋ ሳንታ ሞኒካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤምቲቢኢ የተባለ የቤንዚን ማሻሻያ ጉድጓዶቹን በክሎ የከተማይቱን ግማሽ ያህል ውኃ አሳጥቷል። በዓመቱ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለዚህ ቅመም ከ20 እስከ 40 ማይክሮግራም ሲመክር መነሻው ሰው ጣዕሙንና ሽታውን የማይቀበልበት መጠን ነበር። አፍንጫም ሕግ ያወጣል ማለት ነው።

ወደ ጎጃም ደጋ እንመለስ። ጮቄ ጥንት እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው። ውኃው በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ እየሾለከ ቁልቁል ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ውኃ የሚያልፍበት ስንጥቅ ለነዳጅም መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር ማደያውና ጋራዡ በዝቷል። ከመሬት በታች ያለ ታንከር ቢያንጠባጥብ ማን ያየዋል? በነዳጅ በራሰ አፈር ውስጥ የተቀበረ የፕላስቲክ ቧንቧም፣ ባይቀደድ እንኳ፣ ነዳጁን በግድግዳው ያስገባል።

ሕግ የለም አይባልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ያጽዳ ወይም ወጪውን ይክፈል ብሏል። ግን 10 ማይክሮግራምን የሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚሉት ውድ መሣሪያ ነው፤ በየወረዳው አይገኝም። መሣሪያው በሌለበት ቁጥር ብቻውን ምን ይሠራል?

ስለዚህ ወሰኑ ሦስት ይሁን እላለሁ። አንደኛው የአፍንጫ ነው፤ ውኃው ነዳጅ ነዳጅ ካለ፣ ማንም «አረጋግጥ» ሳይባል፣ መስመሩ ይዘጋ፣ ጄሪካኑም ይጣል። ሁለተኛው የቁጥር ነው፤ ናሙናው መሣሪያ ወዳለበት ይላክ፤ ውጤቱም ለጠጪው ይነገር። ሦስተኛው የርቀት ነው፤ ማደያ ከምንጭና ከጉድጓድ ይራቅ፣ ታንከሩም በየጊዜው ይፈተሽ። ከሦስቱ ርካሹ ይኸው የመጨረሻው ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ከስንጥቅ ድንጋይ ውስጥ ነዳጅ ለማውጣት ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ አበው። እነርሱ የፈሩት ሙላቱን ነበር። እኛ ደግሞ በብርጭቆ ውስጥ ያለውንም እንድንፈራ ዘመኑ ግድ ብሎናል። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ያለችው አክስቴ የድርሻዋን ጨርሳለች፤ ከዚያ በላይ ያለው የእርሷ ሥራ አይደለም።